በዘፈቀደ ሳይሆን በዕጣ

«አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ይላል ተረታችን። ተረቱን እንወደዋለን፤ ዛሬ ግን ትንሽ ልንሟገተው ነው። መርካቶም ሆነ ሽሮ ሜዳ አንድ ጥሩ ልብስ ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲመጣ ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ትከሻ ይለካል፣ ደረት ይለካል፣ ወገብ፣ የእጅና የሱሪ ርዝመት ይለካል፤ ደብተሩ ላይ ጻፍ ጻፍ ያደርግና «ሐሙስ ይደርሳል» ብሎ ያሰናብተናል። ሰውነታችንን በየሴንቲ ሜትሩ አልለካም። ልብሱ ግን ልክክ ይላል።

ሰውየው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። የሰው ሰውነት በጥቅሉ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ የሚለካው የማያውቀውን ብቻ ነው። ሰውነት ምን እንደሚመስል ጨርሶ የማያውቅ ልብስ ሰፊ ቢኖር ኖሮ ከእግር ጥፍር እስከ ራስ ፀጉር በየሴንቲ ሜትሩ ሲለካን ይመሽ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ልብስ ስፌት አይደለም። ከመሬት በታች ያለውን በሞገድ ስለሚፈልገው ሥራ፣ ማለትም ስለ ሳይዝሚክ ፍለጋ ነው። አቋማችንን ከወዲሁ ተናግረን እንግባ፦ የምድርን ውስጥ ለማወቅ ብዙ መለካት የግድ አይደለም፤ የት እንደሚለካ ማወቅ ግን የግድ ነው። ይህ ዕውቀት ደግሞ ከማንም በላይ የሚጠቅመው ገንዘብ ላጠራቸው እንደ እኛ ላሉ ሀገሮች ሆኖ ሳለ፣ ስለ ጉዳዩ የምናወራው እኛ ነን ብለን አፋችንን ሞልተን መናገር አንችልም። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የገደል ማሚቶን መጠየቅ

ገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ሳይዝሚክ ፍለጋን ያውቀዋል፤ ስሙን ባይሰማውም። ገደል አፋፍ ቆሞ የሚጮህ ልጅ ድምፁ ተመልሶ እስኪመጣ ይጠብቃል። ቶሎ ከተመለሰ ገደሉ ቅርብ ነው፤ ከዘገየ ሩቅ ነው። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ልዩነቱ ጩኸቱ ወደ ታች፣ ወደ መሬት ውስጥ መሆኑ ብቻ ነው።

ጩኸቱን የሚያሰማው ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረ ፈንጂ ወይም መሬቱን በከባድ ብረት የሚያንቀጠቅጥ ቫይብሬተር የተባለ መኪና ነው። ሞገዱ ወደ ታች ሲሄድ አንዱ የዓለት ንብርብር አልቆ ሌላው ሲጀምር ከፊሉ ተንፀባርቆ ይመለሳል። መሬት ላይ የተተከሉ ጂኦፎን የሚባሉ ትንንሽ የንዝረት መስሚያዎች የተመለሰውን ይቀበላሉ። ማሚቶው ለምሳሌ በ2 ሰከንድ ቢመለስና የሞገዱ አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 3,000 ሜትር ቢሆን፣ ደርሶ መልሱ 6,000 ሜትር ስለሆነ ንብርብሩ 3,000 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው ማለት ነው። ክላረንስ ካርቸርና ጓደኞቹ በ1921 አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ ይህንን ሲሞክሩ የነበራቸው ዕቃ በጣት የሚቆጠር ነበር። ዛሬ አንድ ትልቅ ፍለጋ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጂኦፎኖች ያሰማራል። ለምን?

ሁለት ለአንድ

ምክንያቱ አንድ የቆየ ሕግ ነው። ሃሪ ናይክዊስት በ1928 መንገዱን ጠርጎት፣ ክሎድ ሻነን በ1949 በሂሳብ ያጸናው ሕግ እንዲህ ይላል፦ አንድን ሞገድ ሳታዛባ መመዝገብ ከፈለግህ፣ በአጭሩ የሞገድ ርዝመት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ለካ። የሙዚቃ ሲዲ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ድምፅ የሚለካው ጆሯችን የሚሰማው ጣሪያ በሰከንድ ወደ 20,000 ንዝረት ገደማ ስለሆነ ነው። እጥፍ ማለት ነው፤ ጥቂት ትርፍ ተጨምሮበት።

ሕጉ ሲጣስ ምን እንደሚሆን በገበያ እናስረዳ። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ገበያ የሚቆምባትን አንዲት የገጠር ከተማ አስቡ። ከወረዳ የተላከ ተቆጣጣሪ በየሰባት ቀኑ፣ ሁልጊዜ ቅዳሜ እየመጣ ያያል እንበል። ሪፖርቱ «በዚች ከተማ ሁልጊዜ ገበያ አለ» ይሆናል። ሌላው ደግሞ ሁልጊዜ እሑድ ቢመጣ «ከተማዋ ገበያ የላትም» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም ዐይተው ነው የመሰከሩት፤ ሁለቱም ግን ተሳስተዋል። ከሁሉ የሚከፋው ስህተታቸው ስህተት አለመምሰሉ ነው። ሪፖርቱ የተስተካከለ፣ የማያወላውል፣ ማኅተም ያረፈበት ነው። በየእኩሉ ርቀት ግን አራርቆ የለካ ሰው የሚደርስበት መዘዝ ይህ ነው፦ የሌለ ነገር እንዳለ ሆኖ፣ ያውም አምሮ ይታየዋል።

ወደ መሬታችን እንመለስ። በላይኛው አፈር ላይ ቀስ ብለው የሚሄዱ ሞገዶች አሉ። ፍጥነታቸው በሰከንድ 400 ሜትር፣ ንዝረታቸው በሰከንድ 20 ቢሆን የሞገዱ ርዝመት 20 ሜትር ነው። እንግዲህ እንደ ሕጉ ከሆነ በየ10 ሜትሩ ጂኦፎን መትከል ሊኖርብን ነው። እሺ፣ ለጋስ እንሁንና በየ25 ሜትሩ እንበል። 20 ኪሎ ሜትር በ20 ኪሎ ሜትር በሆነ መሬት ላይ በሁለቱም አቅጣጫ በየ25 ሜትሩ ብንተክል 800 ጊዜ 800፣ ማለትም 640,000 ነጥብ ይሆናል። ርቀቱን በግማሽ ማሳነስ ቢያምረን ቁጥሩ በ4 ይባዛል። የጩኸቱንም ነጥቦች እንደዚያው እናብዛ ካልን ልኬቱ በ16 ይባዛል። ይህንን የሚችል ካዝና የለም።

ታዲያ ኩባንያዎቹ ምን ያደርጋሉ? በአንዱ አቅጣጫ ጂኦፎኖቹን ያቀራርባሉ፤ በሌላው አቅጣጫ ግን መስመሮቹን በመቶዎች ሜትር ያራርቃሉ። በአንድ እጅ ሕጉን አክብረው በሌላው ይጥሱታል ማለት ነው። «ሙሉ ልኬት» የሚባለው ነገር ወትሮም ሙሉ አልነበረም። ስለዚህ ጥያቄው «እናጉድል ወይስ አናጉድል?» አይደለም። ማጉደላችን አልቀረም። ጥያቄው «እንዴት እናጉድል?» ነው።

ዕጣ ይውጣ

ወደ ተቆጣጣሪያችን እንመለስ። ሰውየው የሚመጣበትን ቀን በዕጣ ቢወስንስ? አንድ ሳምንት ማክሰኞ፣ ቀጥሎ ቅዳሜ፣ ከዚያ ሐሙስ። የሚመጣበት ቁጥር አልጨመረም። ነገር ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ደብተሩን ገልጦ ሲያይ ገበያ ያየባቸው ቀናት ሁሉ ቅዳሜ መሆናቸውን ያስተውላል። በዚያው ድካም፣ በዚያው የትራንስፖርት አበል እውነቱን አገኘ። ጥቅሙ ከመብዛት አልመጣም፤ ከመበታተን ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ማንሳት እንፈልጋለን። ይህንን ዓይነት አወሳሰድ በየመማሪያ መጽሐፉ «በዘፈቀደ» እያልን ተርጉመነዋል። በዘፈቀደ የሚለው ቃል ግን ሌላ ጠረን አለው። «በዘፈቀደ አሰረው»፣ «በዘፈቀደ ገነባ» ስንል ሥርዓት የለሽነትንና ማን አለብኝነትን ነው የምናስበው። እኛ የምንለው የተገላቢጦሹን ነው። ዕቁብ ጥለን ስናወጣ ዳኛው ወረቀቱን ጠቅልሎ፣ ቆጥሮ፣ በጥብጦ፣ በሁሉ ፊት ነው የሚያወጣው። ውጤቱን ማንም አያውቅም፤ አወጣጡን ግን ሁሉም ያውቃል። ዕጣ ከሥርዓት ሁሉ ጥብቁ ሥርዓት ነው። አድልዎን የሚያሸንፈውም ለዚህ ነው። እኩል ርቀት አክብረን ስናጉድል ምድር ከእርምጃችን ጋር ትገጥምና ታታልለናለች፤ በዕጣ ስናጉድል ግን የምትገጥምበት እርምጃ አታገኝም። የጉድለቱ ጉዳት እንደ ተበታተነ ጫጫታ ይታያል እንጂ እንደ ሐሰተኛ ንብርብር አይታይም። ጫጫታን ደግሞ ማጽዳት ይቻላል።

ዕጣውም ልጓም አለው። ዝም ብለን ዕጣ ብንጥል አንዱ ሰፈር ጂኦፎን በጂኦፎን ሆኖ ሌላው ባዶ ሊቀር ይችላል። በካናዳው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዢል ኤነንፎንና ፌሊክስ ኸርማን በ2008 ያሳተሙት ሥራ ለዚህ መላ አለው። መስመሩን ለምሳሌ በየ50 ሜትር ክፍል ከፍለን፣ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ አንድ ጂኦፎን ብቻ እንመድባለን፤ በክፍሉ ውስጥ የት ቦታ እንደሚቆም ግን ዕጣ ይወስናል። እንዲህ ሲሆን በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ያለው ክፍተት ከ100 ሜትር አያልፍም። ዕጣም አለ፣ ፍትሐዊ ድልድልም አለ።

የጎደለውን ፊደል መሙላት

«ይሁን፣ በዕጣ አጎደላችሁ፤ የጎደለውን ታዲያ ከየት ታመጡታላችሁ?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አንጠራጠርም። ጥያቄው ልክ ነው። እስቲ ይህንን አንብቡ፦ «አዲ_ አበ_ ዩኒ_ርሲ_»። ችግር ገጠማችሁ? አልገጠማችሁም። ከ12 ፊደል 4 ቢጎድልም ሞልታችሁ አነበባችሁት። የሞላችሁት ግን ከምንም ተነሥታችሁ አይደለም። አማርኛ ፊደል እንደፈለገ የሚደረደርበት ቋንቋ እንዳልሆነ ስለምታውቁ ነው። የተሰጣችሁ የስልክ ቁጥር ቢሆን ኖሮ አንዱንም መሙላት አትችሉም ነበር። አራቱም የጎደሉት ከአንድ ቃል ቢሆን ኖሮም ትቸገሩ ነበር፤ የልጓሙን ጥቅም ልብ በሉ።

ምድርም እንደ አማርኛው የራሷ ሰዋስው አላት። ከላይ እስከ ታች በየሜትሩ አትለዋወጥም። እንደ ተደራረበ እንጀራ ንብርብር ናት፤ ማሚቶ የሚመልሱት ጥቂት ድንበሮች ብቻ ናቸው። ሞገዱም ሲመዘገብ ለስላሳ ጥምዝ መስመሮችን ይሠራል። በሌላ አነጋገር፣ ተገቢውን «ፊደል» ከመረጥንላት ምድር በጥቂት ቃላት ትገለጻለች። ከዚያ ኮምፒውተሩን እንዲህ እንለዋለን፦ ከለካነው ጋር ከሚስማሙት ሥዕሎች ሁሉ በጥቂት ቃላት የሚገለጸውን ፈልግልን። ልብስ ሰፊው በልምድ የሚያደርገውን ኮምፒውተሩ በሂሳብ ያደርገዋል።

ይህ መላ በሂሳብ ዓለም «ኮምፕረስድ ሴንሲንግ»፣ በእኛ አባባል «የተጨመቀ ልኬት» ተብሎ በስም የታወቀው በ2006 ነው። በዚያ ዓመት በአንድ ወገን ኢማኑኤል ካንዴስ፣ ጀስቲን ሮምበርግና ቴረንስ ታው፣ በሌላ ወገን ዴቪድ ዶኖሆ፣ ጎዶሎ ልኬት ሙሉውን መልሶ የሚሰጥበትን ሁኔታ በማስረጃ አሳዩ። የዶኖሆ መነሻ ለማንም ይገባል። የፎቶ ካሜራችን ሚሊዮን ነጥቦች ይሰበስብና ወዲያው ጨምቆ አብዛኛውን ይጥለዋል። መጣሉ ካልቀረ መጀመሪያውኑ መሰብሰብ ለምን አስፈለገ?

ደስ የሚለን ግን ታሪኩ የሚጀምረው ከሂሳብ ሊቃውንቱ አለመሆኑ ነው። ሥሩ እዚሁ አፈር ላይ ነው። ጆን ክላርባውትና ፍራንሲስ ሙር በ1973፣ ፋዲል ሳንቶሳና ዊሊያም ሳይምስ በ1986 የሳይዝሚክ መረጃ ላይ ይህንኑ «ጥቂት ቃላት ያለውን ምረጥ» የሚል ስሌት ተጠቅመውበት ነበር። ሥራው እንደሚሠራ የመስኩ ሰዎች አዩ፤ ለምን እንደሚሠራ የሂሳብ ሰዎች ከሃያና ሠላሳ ዓመት በኋላ ነገሩን። ባለሙያን ማክበር ማለት ይህ ነው።

ከዚያ ወዲያ ዘዴው ብዙ ቦታ ገብቷል። በሆስፒታል የኤምአርአይ ምርመራ ሕመምተኛው ተኝቶ የሚቆይበትን ጊዜ ለማሳጠር በ2007 ሐሳቡ በሰፊው ተዋወቀ፤ በ2017 ደግሞ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይህን ለሚጠቀሙ መሣሪያዎች ፈቃድ ሰጠ። በነዳጅ ፍለጋውም ኮኖኮፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ ተመራማሪዎች በ2014 በመስክ የሠሩበትን ውጤት አሳትመዋል።

ሁለት ሰው እኩል ሲያወራ

ቁጠባው በጂኦፎኑ ብቻ አያበቃም። በቀድሞው ወግ አንዱ መኪና ጮኾ ማሚቶው ተሰምቶ እስኪያልቅ ሌላው ዝም ይላል። ልክ እንደ ሽማግሌ ጉባኤ፣ ተራ ይጠበቃል። ክሬግ ቢዝሊ ከ1998 ጀምሮ፣ የዴልፍቱ ጉስ በርካውት ደግሞ በ2008 «ለምን እኩል አይጮኹም?» ብለው ጠየቁ። እኩል ከጮኹ ማሚቶዎቹ ይደባለቃሉ። እዚህም መፍትሔው ዕጣ ነው። ሁለተኛው መኪና ከመጀመሪያው ጋር በቋሚ ልዩነት ሳይሆን በየጊዜው በሚለዋወጥ፣ ዕጣ በወሰነው መዘግየት ይጮኻል። የመጀመሪያውን ሰዓት ይዘን መዝገቡን ስናሰልፈው የራሱ ማሚቶ ቀጥ ብሎ ይሰለፋል፤ የሁለተኛው ግን ከመዝገብ መዝገብ እየዘለለ ጫጫታ ይመስላል። ከዚያም የሁለተኛውን ሰዓት ይዘን እንደገና እናሰልፋለን። ሁለቱም ይለያሉ። ወር የሚፈጅ የመስክ ሥራ በዚህ ብቻ በእጅጉ ያጥራል።

ሚዛኑን እንያዝ

አሁን የሰማይና የምድር ተስፋ እየሰጠን እንዳንመስል ተቃውሞውን ራሳችን እናንሳ።

አንደኛ፣ ብዙ መለካት ክፍተት ከመሙላት ሌላ ጥቅም አለው፤ ጫጫታን ያሸንፋል። 100 ማሚቶ ስንደምር ከነፋሱና ከመኪናው ሁካታ አንጻር ድምፁ 10 እጥፍ ይጎላል። በ25 ብንወሰን 5 እጥፍ ብቻ ነው። ከጥልቅ የሚመጣ ደካማ ማሚቶ ላይ ይህ ልዩነት ሞት ሽረት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ምድር ሁልጊዜ ለስላሳ እንጀራ አይደለችም። እንደ ዓባይ ተፋሰስ ወፍራም ባዛልት በተነጠፈበት ቦታ ሞገዱ ገና ከላይ ይበታተናል። ወደ ታች ያልደረሰ ድምፅ በዕጣም በሂሳብም አይመለስም። ሦስተኛ፣ ድካሙ አልጠፋም፤ ከመስክ ወደ ኮምፒውተር ክፍል ተዛወረ እንጂ። የሚያሰላ ሰው የሌለው ሀገር ጎዶሎ መረጃ ይዞ ይቀራል።

አራተኛውና ዋናው፣ የተሞላ ነገር የተለካ ነገር አይደለም። የተሞላውን እንደተለካ አድርጎ ማቅረብ ማጭበርበር ነው። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፤ ከለካነው ውስጥ ጥቂቱን እንደብቃለን፣ ኮምፒውተሩ ሳያየው ይሙላ፣ ከዚያ ከእውነተኛው ጋር እናስተያያለን። ተማሪን በፈተና እንደምንመዝነው መሆኑ ነው። ፈተናውን ያላለፈ ሥዕል ላይ ተመሥርቶ ጉድጓድ አይቆፈርም።

ለእኛ ምናችን ነው?

ብዙ ነገራችን ነው። የኦጋዴን ተፋሰስ ስፋቱ ወደ 350,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሲንክሌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የፍለጋ ውል የፈረመው በ1945 ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቴኔኮ ካሉብ ላይ ጋዝ አገኘ፤ በ1980ዎቹ ሶቪየቶች ቆፈሩ፤ በ2013 ፖሊ ጂሲኤል የተባለው የቻይና ኩባንያ ውል ገባ፤ የካሉብ ጋዝ የመጀመሪያ ምዕራፍ የተመረቀው በ2025 ነው። ከተገኘ ከ50 ዓመት በላይ ማለት ነው። ለዚህ ሁሉ መዘግየት ልኬት ብቻውን ተጠያቂ ነው አንልም። ጦርነት አለ፣ ፖለቲካ አለ፣ ገበያ አለ። ግን አንድ የሚያንገበግበን ነገር አለ፦ በእነዚህ ሰማንያ ዓመታት መጭው ሁሉ መሬቱን እንደገና ሲያንቀጠቅጥ፣ እኛ የማሚቶው ባለቤት ሆነን ማዳመጡን ስንማር አልታየንም።

ሳይዝሚክ ፍለጋ ወረቀት ላይ መስመር ነው፤ መሬት ላይ ግን ሰው ነው። ቀያሽ ይቀድማል፣ ዶዘር ቁጥቋጦውን ይጠርጋል፣ ቆፋሪ፣ ገመድ ጎታች፣ ምግብ አብሳይ፣ ጠባቂ ይከተላል። የተጠረገው መስመር በግመል አርቢው የግጦሽ መሬት ላይ ያልፋል። በ2007 በኦጋዴን አቦሌ በተባለ ቦታ፣ በነዳጅ ፍለጋ ሰፈር ላይ በተፈጸመ ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ሠራተኞች ተገድለዋል። የተሻለ የአለካክ ዘዴ ያድናቸው ነበር ብለን የሟቾችን ነፍስ ለክርክራችን መጠቀሚያ አናደርግም። የገደላቸው ጥይት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ በመስክ የሚያልፍ እያንዳንዱ ቀን፣ የሚተከል እያንዳንዱ ጂኦፎን የሰው እግር የሚረግጠው ነው። ልኬትን በግማሽ መቀነስ ሲባል በሒሳብ መዝገብ ላይ የገንዘብ ጉዳይ ይመስላል። የቀን ሠራተኛው ወላጅ እናት ዘንድ ግን ሌላ ትርጉም አለው። ለከብት አርቢውም እንዲሁ።

ደግሞ ጉዳዩ የነዳጅ ብቻ አይደለም። በ2003 የብሪታንያ፣ የአሜሪካና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «ኢግል» በተባለው ፕሮጀክት በስምጥ ሸለቆው ላይ 1,000 ገደማ የንዝረት መመዝገቢያዎች ዘርግተው ነበር። አህጉር እንዴት እንደሚሰነጠቅ ለማየት ነው። ከመሣሪያዎቹ አብዛኞቹ ሥራው ሲያልቅ በመጡበት ተመለሱ። ከ2024 መገባደጃ ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ያለማቋረጥ ስትንቀጠቀጥ፣ በጥር 2025 መጠኑ 5.7፣ በየካቲት 2025 ደግሞ 6.0 ሲደርስ፣ አሥር ሺዎች ከቀያቸው ሲነሡ፣ አዲስ አበባ ላይ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ሌሊት ደረጃ ሲወርድ ሁላችንም አንድ ጥያቄ ጠየቅን፦ ከታች ምን እየሆነ ነው? መልሱ ያለው ያለንን ጥቂት መስሚያ የት እንዳስቀመጥነው ላይ ነው። እርግጥ የመሬት መንቀጥቀጥ ቀጠሮ ስለማይሰጥ መስሚያው ቀን ከሌሊት መስማት አለበት፤ በጊዜ በኩል ዕጣ አይሠራም። በቦታ በኩል ግን ጥያቄው ያው የልብስ ሰፊው ጥያቄ ነው፦ ጥቂት ብቻ መለካት ከቻልኩ የትኛውን ልለካ?

ምን ይደረግ?

ሀሳብ አምጡ ካላችሁን አራት አለን።

አንድ፦ ከማንኛውም ፈላጊ ኩባንያ ጋር ስንዋዋል ያልተነካካው ጥሬ መዝገብ ከእያንዳንዱ ጂኦፎንና ከእያንዳንዱ ጩኸት ትክክለኛ ቦታና ሰዓት ጋር ለሀገር ይሰጥ። ያማረ ሥዕልማ ማንም ይሥላል። በዕጣ የተለካ መረጃ ቦታውና ሰዓቱ ከጠፋ የማይነበብ ጽሑፍ ነው።

ሁለት፦ ኩባንያው ጎዶሎ ልኬት ተጠቅሞ የተሞላ ሥዕል ሲያቀርብ የድብቁን ፈተና ውጤት አብሮ ያቅርብ። ይህንን የሚመረምር የራሳችን ባለሙያ ይኑር። ሳይመረምሩ መፈረም ሳይለኩ መቁረጥ ነው።

ሦስት፦ ከአሁን በፊት የተለኩ መስመሮች የትም ካሴት ላይ ይሁኑ የትም ወረቀት ላይ፣ አቧራቸው ተራግፎ ወደ ኮምፒውተር ይግቡ። የትናንትናው ማሚቶ በዛሬው ሂሳብ ሲደመጥ ያልተሰማ ነገር ሊያሰማ ይችላል። አዲስ ከመለካት በፊት የተለካውን ማንበብ የድሃ ሀገር የመጀመሪያ ቁጠባ ነው።

አራት፦ የሂሳብ ተማሪውና የጂኦፊዚክስ ተማሪው አንድ ክፍል ይቀመጡ። ይህ ዘዴ የሚጠይቀው ዋና መሣሪያ ጭንቅላትና ኮምፒውተር ነው። ቫይብሬተር መኪና መግዛት ላይ ከባለ ሀብት ሀገሮች ጋር አንወዳደርም፤ ስሌት ላይ ግን የሚከለክለን የለም። ሌላው ጥቂት መለካትን የሚማረው ትርፍ ለመጨመር ነው፤ እኛ ግን ሌላ ምርጫ ስለሌለን መማር ነበረብን።

ከተረቱ ጋር የጀመርነውን ሙግት በእርቅ እንጨርስ። «አሥር ጊዜ ለካ» ያሉት አባቶቻችን አሥሩን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ለካ አላሉም። የቱን እንደምትለካ ዕወቅ፣ የቀረውን ዕጣ ይምራህ፣ የሞላኸውን ደግሞ ፈትነው፤ ከዚያ ቁረጥ። መሬቱ የእኛ ነው፣ ማሚቶውም የእኛ ነው። ጆሮውን ከውጭ እያስመጣን መኖር ግን ይብቃን።

ቸር ያሰማን።